ብሮከር ፍለጋ፣ ከሌሊት ተራ መልስ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። በፈረንጅ ሰዓት ማታ 7 ገብቼ ጠዋት 7 እወጣለሁ። ቤት ስደርስ እማዬ ቡናውን አፍልታ ትጠብቀኛለች። ጠጥቼ፣ ታጥቤ፣ 9፡15 ላይ ላፕቶፔን እከፍታለሁ። የአክሲዮን ገበያው 9፡30 ይከፈታል። እስከ 11 እሠራና መጋረጃውን ዘግቼ እተኛለሁ።

አክሲዮን የሚገዛልንንና የሚሸጥልንን ድርጅት፣ ብሮከርን፣ እንዴት እንደመረጥኩ ከመናገሬ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ሚዛኔን እንድታውቁት ነው። ስድስት ስክሪን ደርድሬ ቀኑን ሙሉ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። በቀን ሁለት ወይ ሦስት ትሬድ፣ ከ100 እስከ 300 አክሲዮን፣ በቃ። አክሲዮን ገዝቶ አሥር ዓመት ለሚረሳው ሰው ደግሞ የምለው ነገር ብዙም አይጠቅመውም። እሱ ስም ያለው የትኛውም ብሮከር ይበቃዋል።

በ2021 ስጀምር ብሮከር የመረጥኩት ጫማ እንደሚመረጥ ነው። አየሁት፣ አማረኝ፣ ገባሁበት። ስልክ ላይ የሚሠራ፣ ኮሚሽን የማይጠይቅ፣ ቀለሙ ደስ የሚል ነበር። ስሙን አልጠራም። ስድስት ሺህ ዶላር አስገባሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ ጠዋት ገዝቼ እዚያው ጠዋት ሸጥኩ። አካውንቴ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። ለካ ከ2001 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ነበር። ማርጂን አካውንት፣ ማለትም ከብሮከሩ መበደር የሚያስችል አካውንት ያለው ሰው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ በቀኑ ገዝቶ ከሸጠ «ፓተርን ዴይ ትሬደር» ይባል ነበር። ያኔ ቢያንስ 25 ሺህ ዶላር ሊኖረው ይገባ ነበር። የኔ ስድስት ሺህ የት ሊደርስ! አካውንቱን በራሴ ገንዘብ ብቻ ወደሚሠራው፣ ወደ ካሽ ቀየርኩት። ካሽ አካውንት ላይ ያ ገደብ የለም። ግን የሸጣችሁበት ገንዘብ ክፍያው እስኪጠናቀቅ ትጠብቃላችሁ። ያኔ ሁለት የሥራ ቀን ይፈጅ ነበር። ከሜይ 28 2024 ወዲህ አንድ ቀን ሆኗል። ሰኞ የሸጥኩበት ማክሰኞ እጄ ላይ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ለውጥ ከማንኛውም አዲስ አፕ ይበልጣል።

ስለ 25 ሺው ሕግ አንድ ነገር ልጨምር። ብሮከሮችን የሚቆጣጠረው የፊንራ ቦርድ በ2025 ሕጉን በሌላ ለመተካት የቀረበውን ሐሳብ አጽድቋል። ስለዚህ ዛሬ አካውንት የሚከፍት ሰው ዩትዩብ ላይ የሰማውን ይዞ አይሂድ። ደውሎ «አሁን በየትኛው ሕግ ነው የምትሠሩት?» ብሎ ብሮከሩን ይጠይቅ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ማርች 2022፣ አንድ ጠዋት። ገበያው ከተከፈተ ሁለት ደቂቃው ነው። ብዙ የማይገበያይ አንድ አክሲዮን ስልኬ ላይ 7.42 ይላል። 300 አዘዝኩ፣ በማርኬት ኦርደር፣ ማለትም «በተገኘው ዋጋ» ብዬ። 7.61 ላይ ተገዛልኝ። በአንዷ 19 ሳንቲም፣ በ300ው 57 ዶላር። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ የምሠራበት ደሞዝ ነው፣ በአንድ ጠቅታ ሄደ። ለደንበኛ አገልግሎት ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን «የሚታየው ዋጋ አመላካች ነው» የሚል መልስ መጣ። ተቃጠልኩ። ግን ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። ገበያ እንደተከፈተ፣ በዚያ ላይ በእንዲህ ዓይነት አክሲዮን ማርኬት ኦርደር ማዘዝ ኮንትራት ታክሲ ውስጥ ዋጋ ሳይነጋገሩ እንደመግባት ነው። ወራጅ ስትሉ የሚጠራላችሁን ትከፍላላችሁ።

ሌላው ግማሽ ግን ያ 7.42 ከየት መጣ የሚለው ነው።

ሆስፒታል ጣት ላይ የምንሰካው የኦክስጅን መለኪያ አለ። የሚያሳየው ቁጥር የዚህች ሰከንድ አይደለም። ያለፉት ጥቂት ሰከንዶች አማካይ ነው። ጣቱ ከቀዘቀዘማ ጭራሽ ይሳሳታል። አዲስ ነርስ ስትመጣ «ማሽኑን ከማመንሽ በፊት የበሽተኛውን ከንፈር እዪ» እንላታለን። ይህን ሌሊት ሌሊት እያስተማርኩ፣ ጠዋት ጠዋት ስልኬ ላይ ያየሁትን ቁጥር እንደ ወንጌል ተቀበልኩት።

የአሜሪካ አክሲዮን የሚገበያየው አንድ ቤት ውስጥ አይደለም። ኒው ዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅ አለ፣ ናስዳክ አለ፣ ሲቦ አለ፣ አይኢኤክስ አለ። ከአሥር በላይ ናቸው። ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ግብይት ደግሞ ከነዚህ ሁሉ ውጭ፣ ባብዛኛው በትልልቅ ነጋዴ ድርጅቶች በኩል ነው የሚያልቀው። መርካቶን አስቡ። ጤፍ ዛሬ ስንት ገባ ስትባሉ እህል በረንዳ አንድ መደብር ጠይቃችሁ መመለስ ትችላላችሁ። የያዛችሁት ዋጋ ውሸት አይደለም። የዚያ መደብር ዋጋ ነው። ሦስት መደብር አልፎ ያለው ሰውዬ በርካሽ እየሸጠ ሊሆን ይችላል። ብዙ ነጻ አፖች የሚያሳዩት እንዲህ የአንድ መደብር ዋጋ ነው።

የሁሉንም ሰብስቦ ከሁሉ የተሻለውን መግዣና መሸጫ የሚያወጣው ሥርዓት ሲፕ ይባላል። አንዱ ማሽን ማዋ ነው ያለው፣ የናስዳኩ ካርተሬት። ሁለቱም ኒው ጀርሲ ናቸው። ወደ ኒው ዮርክ በተርንፓይክ ስትነዱ 12ኛው መውጫ ላይ ካርተሬት የሚል ሰሌዳ አለ። ለሠርግ ወይ ለልቅሶ በዚያ ባለፍን ቁጥር «57 ዶላሬ እዚህ ነው የቀረችው» እላለሁ። መኪናው ውስጥ ማንም አይስቅም።

ነጻ መረጃ የሚሰጡት ይህን አይደብቁም። ጽፈውታል፣ ሰው አያነብም እንጂ። ትሬዲንግቪው ለምሳሌ ተጨማሪ ካልገዛችሁ ለአሜሪካ አክሲዮን በቀጥታ የሚያሳየው የሲቦን ዋጋ ነው። የሌሎቹን ገበያዎች በወር ጥቂት ዶላር ጨምራችሁ ትገዛላችሁ። ቻርት ለመሳል ከሱ የሚሻል አላየሁም፣ እስከ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ትእዛዝ የማዘው ግን እሱን አይቼ አይደለም።

ልዩነቱን በዓይኔ ያየሁት ሁለተኛ አካውንት ከፍቼ ሙሉውን ዋጋ የገዛሁ ዕለት ነው። ስልኬን ከነነጻው አፕ ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ አቆምኩት። ላፕቶፑ ከጎኑ ነው። አንድ ዓይነት አክሲዮን ከፈትኩባቸው። 9፡31 ላይ ስልኩ ገዢዎች 11.20 ይሰጣሉ፣ ሻጮች 11.34 ይጠይቃሉ አለኝ። ላፕቶፑ 11.26 እና 11.28 ይላል። እዚህ 14 ሳንቲም ክፍተት፣ እዚያ ሁለት ሳንቲም። ስልኩን ብቻ ባምን እስከ 11.34 ለመክፈል አዝ ነበር። እማዬ ከኋላዬ ቆማ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አየችና «የትኛው ነው እውነተኛው?» አለች። አንድ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩትን እሷ በአንድ ደቂቃ ጠየቀችኝ። ልብ በሉ፣ አፕል ወይም ማይክሮሶፍት ላይ ይህን አታዩም። እነሱ ላይ ሁለቱም ስክሪን በአንድ ሳንቲም ነው የሚለያዩት፣ ወይም ጭራሽ አይለያዩም። የሚያሳርረው ብዙ የማይገበያየው ነው፣ በተለይ ገበያ ሳይከፈትና እንደተከፈተ።

ያ ሁለተኛው አካውንት ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ ነው። እስካሁን ዋናው ቤቴ እሱ ነው። ሁለት ዓይነት አካውንት አለው፣ ላይትና ፕሮ። ላይት ለአሜሪካ አክሲዮን ኮሚሽን አያስከፍልም። እኔ ፕሮውን ነው የያዝኩት። «ቲርድ» በሚባለው አከፋፈል ለአንድ አክሲዮን 0.0035 ዶላር እከፍላለሁ፣ ቢያንስ 35 ሳንቲም። 200 ስገዛ 70 ሳንቲም ይሆናል፣ የገበያዎቹ ጥቃቅን ክፍያ በላዩ ይታከላል። ስሸጥም እንዲሁ። «ነጻ እያለ ለምን ትከፍያለሽ?» ይሉኛል የሥራ ባልደረቦቼ።

አዲስ አበባ ቤት ያከራየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ደላላው «ከእርስዎ ምንም አልወስድም» ካለ ከወዲያኛው ወገን ወስዷል ማለት ነው። ኮሚሽን የማይጠይቁ ብዙ ብሮከሮች ትእዛዛችሁን ለትልልቅ ነጋዴ ድርጅቶች ያሳልፋሉ፣ እነዚያ ደግሞ ለብሮከሩ ይከፍላሉ። ሕጋዊ ነው። 606 የሚባል ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ያወጣሉ፣ ማን ስንት እንደከፈላቸው እዚያ ላይ ታገኙታላችሁ። አሰልቺ ወረቀት ነው፣ ግን አንዴ አንብቡት። ፊደሊቲ ለአክሲዮን ትእዛዝ ይህን ክፍያ አይቀበልም። እኔ ይህን አሠራር እንደ ሌብነት አላየውም። 50 አክሲዮን ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ትእዛዜ የትኛው ገበያ እንደሚሄድ ራሴ መምረጥ ስለምፈልግ ነው 70 ሳንቲሟን የምከፍለው።

መረጃውን ለብቻው ነው የምትገዙት። ይህ መጀመሪያ ያደናግራል። ገበያዎቹ በሦስት ተከፍለዋል፣ ኔትወርክ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይባላሉ። ኤ የኒው ዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅ አክሲዮኖች፣ ሲ የናስዳክ፣ ቢ የቀሩት ናቸው። እኔ ለእያንዳንዱ በወር 1.50 ዶላር እከፍላለሁ፣ ሦስቱ 4.50። አንድ ማኪያቶ ማለት ነው። 57 ዶላሬ የአንድ ዓመት መረጃ ይገዛልኝ ነበር፣ ሦስት ዶላር ተርፎኝ።

ስትመዘገቡ ፕሮፌሽናል ናችሁ አይደላችሁም የሚል መጠይቅ ይመጣል። አንብባችሁ መልሱ። ለራሱ ብቻ የሚነግድ ተራ ሰው ፕሮፌሽናል አይደለም። በድርጅት ስም አካውንት ከከፈታችሁ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ፕሮፌሽናል ትቆጠራላችሁ፣ ዋጋውም ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። አንዲት ጓደኛዬ ለታክስ ይጠቅማል ብለዋት ኤልኤልሲ የሚባል ድርጅት አቋቁማ በሱ ስም ከፈተች። የመጀመሪያው ወር የመረጃ ሂሳብ ሲመጣ እኔ ጋ ደውላ «ተዘረፍኩ» አለች። አልተዘረፈችም። ሳጥኑ ላይ ምልክት ያደረገችው ራሷ ናት።

ፕሮግራሙ፣ ትሬደር ዎርክስቴሽን የሚሉት፣ ለዓይን አይማርክም። የሆስፒታላችንን የድሮ ኮምፒውተር ያስታውሰኛል። ለመልመድ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። በየቀኑ ራሱን አጥፍቶ ስለሚነሳ ሰዓቱን በምተኛበት ላይ አድርጌዋለሁ። ደግሞም እያንዳንዱን ግብይት አንድ በአንድ አይልክም። በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ጠቅልሎ ነው የሚልከው። ለኔ ፍጥነት ችግር የለውም። ሲያትል ያለው ታናሽ ወንድሜ ግን ይህን አይታገሥም። ኮድ ጽፎ ነው የሚነግደው፣ ስለዚህ አይኪውፊድ የሚባለውን የተለየ መረጃ ይገዛል። እሱ እያንዳንዱን ግብይት ያወርዳል፣ ከገበያዎቹ ክፍያ ጋር በወር ከ100 ዶላር ያልፋል። «እህቴ፣ ያንቺ መረጃ ቅጠላ ቅጠል ነው» ይለኛል። ይሁን። በቀን ሦስት ጊዜ ለሚያዝ ሰው በወር 100 ዶላር ማውጣት ለአንድ ሰው ድስት ሙሉ ዶሮ መሥራት ነው።

የኢንተራክቲቭ ብሮከርስ መሥራች ቶማስ ፒተርፊ በ1965 ከሃንጋሪ የመጣ ስደተኛ ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት «በይ እንግዲያው እዚያው ሁኚ» አለች። ከኔ ንጽጽር ሁሉ የእሷ አጭር ነበር።

ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ኢንተራክቲቭ አልላችሁም። ቻርልስ ሽዋብ ሂዱና ቲንክኦርስዊም ክፈቱ። ሽዋብ ቲዲ አሜሪትሬድን በ2020 ሲገዛ አብሮ ያገኘው ፕሮግራም ነው። የአክሲዮን ኮሚሽን ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ ዜሮ ነው። ፕሮፌሽናል ላልሆነ ሰው ቀጥታ ዋጋውን የገበያዎቹን ስምምነት ከፈረማችሁ በኋላ በነጻ ታገኛላችሁ። የውሸት ገንዘብ መለማመጃ አለው። ከሁሉ የወደድኩት ግን ኦንዲማንድ የሚባለውን ነው። ያለፈ ቀን መርጣችሁ ገበያውን እንደ ቪዲዮ መልሳችሁ ታጫውታላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል የማክሰኞን 9፡30 እከፍታለሁ። የሸጥኩበትን ደቂቃ አቆመዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማየው ነገር ፈርቼ ቶሎ መሸጤን ነው። ለዚህ ብቻ ስል እዚያም ትንሽ ገንዘብ አስቀምጬ አካውንቱን አልዘጋሁትም።

ሁለት አካውንት የያዝኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ኦገስት 5 2024፣ ሰኞ። ሌሊቱን የጃፓን ገበያ ከ12 በመቶ በላይ ወድቆ አድሯል። ተራዬ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ፣ ግን ስልክ አላወጣሁም። ቤት ደርሼ ቡናውን እንኳ ሳልጨርስ ከፈትኩ። አይገባም። የይለፍ ቃል አስገባሁ፣ ክቡ ይዞራል። እንደገና፣ ይዞራል። በዚያ ጠዋት የበርካታ ትልልቅ ብሮከሮች ደንበኞች መግባት አቅቷቸው ነበር፣ የኔው ብቻ አልነበረም። ስሙን እሱንም ልተወው። ያኔ በዚያ ብሮከር 120 አክሲዮን ነበረኝ። ደወልኩ። ሙዚቃ። 50 ደቂቃ ሙሉ ያንኑ ሙዚቃ። ሰው ሲያነሳልኝ ገበያው ከወደቀበት ትንሽ አገግሞ ነበርና በደንብ አልተጎዳሁም። በዕድል ነው የተረፍኩት። ሌላው ቤት ያለኝ አካውንት ማርጂን ቢሆን እዚያ ሾርት አድርጌ፣ ማለትም አክሲዮን ተበድሬ ሸጬ፣ ወይ ሌላ መንገድ ፈልጌ ጉዳቱን መያዝ እችል ነበር። ካሽ አካውንት ሾርት ማድረግ ስለማይፈቅድ፣ ገንዘቤ 25 ሺህ ሲያልፍ ዋናውን ወደ ማርጂን የቀየርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱን ብሮከሮች የትሬድ ማዘዣ ስልክ በትልልቁ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጥፌያለሁ። ሙከራ ብዬ በሰላሙ ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት 10 ላይ ለሁለቱም ደወልኩ። ሰው እስኪያነሳ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጻፍኩ። አካውንት ከመክፈታችሁ በፊት እናንተም ይህን አድርጉ። አሥር የዩትዩብ ቪዲዮ ከማየት ይበልጣል። እማዬ ፍሪጁ ላይ ያለውን አይታ «የሐኪም ቁጥር ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት።

ከአዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ይወተውተኛል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሲከፈት፣ ወጋገን ባንክም ቀድሞ ሲዘረዘር፣ «እኔም እንዳንቺ ጠዋት ገዝቼ ጠዋት እሸጣለሁ» አለ። ገና የተዘረዘሩት ጥቂት ናቸው፣ ተረጋግተህ ግዛና ያዝ አልኩት። የሚያሰጋኝ እሱ ሳይሆን ቴሌግራም ላይ «ሲግናል»፣ ማለትም ይህን ግዛ ያን ሽጥ የሚል ጥቆማ የሚሸጡለት ናቸው። እዚህ አሜሪካ የማንኛውንም ብሮከር ፈቃድና የቅጣት ታሪክ ብሮከርቼክ በሚባለው የፊንራ ገጽ ላይ ስም ጽፋችሁ ታያላችሁ። እዚያም የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጣቸው አሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቃቸው አልኩት። ጠየቃቸው፣ ወዲያው ከግሩፑ አስወጡት። ደውሎልኝ ሲስቅ ነበር።

ስለ ታክስ አጭር ልበል። በኪሳራ በሸጣችሁ በ30 ቀን ውስጥ ያንኑ አክሲዮን መልሳችሁ ከገዛችሁ የከሰራችሁትን ወዲያው መቀነስ አትችሉም። ብሮከሩ በፌብሩዋሪ ገደማ በሚልከው 1099-ቢ የታክስ ቅጽ ላይ ያንኑ ብሮከር ብቻ ነው የሚያሰላው። አንዱን አክሲዮን በሁለቱም ቤት ከነገዳችሁ ማያያዙ የናንተ ሥራ ነው። አምና አራት ገጽ ሙሉ በእስክርቢቶ አመሳክሬያለሁ። ዘንድሮ አንድን አክሲዮን በአንድ ቤት ብቻ ነው የምነግደው።

የቀረኝ ሌቭል 2 ነው፣ ከምርጡ ዋጋ በስተኋላ የተሰለፉትን ገዢና ሻጮች የሚያሳየው። የናስዳኩ ቶታልቪው ይባላል። ከ4.50ዋ በጣም ይወደዳል። ወንድሜ ያስፈልግሻል ይላል፣ እኔ ገና አላመንኩም። ያለፈው ወር በ25ኛው ቀን ልገዛ ስል ክፍያው የሙሉ ወር መሆኑን አነበብኩ። አምስት ቀን ለማየት የሠላሳ ቀን ልከፍል ነበር። ተውኩት። በሚመጣው ወር በ1ኛው ቀን እጀምረዋለሁ። በማስታወሻዬ ከሱ ጋርና ያለሱ ያዘዝኩትን ለየብቻ እጽፋለሁ። ልዩነት ካላየሁ በ30ኛው ቀን አጠፋዋለሁ፣ ስልኬ ላይ ማንቂያውን ከወዲሁ ሞልቼዋለሁ።